ሞተሩ ደርቆ ቢያድር ኖሮ

ባለፈው ክረምት አንድ መካኒክ አናደደኝ። እሱ ምክር የሰጠኝ ነው የመሰለው። ፍሬኑን እንዲያይልኝ የወሰድሁትን ፒካፕ ኮፈን ከፍቶ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘና፣ ጠቁሮ የረጋውን ዘይት በጣቶቹ መካከል እያሸ፣ «እማማ፣ ይህን ዘይት መቼ ነው ያስቀየሩት? መኪናም እኮ ነፍስ አላት» አለኝ። ደሜ ፈላ። «የላትም» አልሁት። «ነፍስ ያለውን ነገር እኔ አውቃለሁ። አንተ ፍሬኑን ሥራ።» ሰውየው ደነገጠ፤ ምን ያድርግ፣ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ዘይት በጊዜው መቀየር እንዳለበት አጥቼው አይደለም። ያደግሁት ዘይት በጊዜው በሚቀየርበት ቤት ነው። ያ ነገር ምን እንዳደረገን ጋራዥ ውስጥ ቆሜ ለማንም የማወራው አይደለም።

አባቴ ባሕር ዳር ውስጥ የአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። ከሸዋ ተቀጥሮ መጥቶ፣ እናቴን እዚሁ አግብቶ፣ ግሽ አባይ በሚባለው ሰፈር በአንዲት የቀበሌ ቤት እኔንና ታናሽ ወንድሜን ወልዶ አሳደገ። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አሁኑኑ የምናገረው ኋላ ስናደድ ስለምረሳው ነው። አይጠጣም፣ እጁን አያነሣም፣ ደመወዙን አምጥቶ ለእናቴ ይሰጣል። ያለው ፍቅር አንድ ብቻ ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ የሰጠው ነጭ ፒካፕ። የመንግሥት መኪና ናት፣ የሱ አይደለችም። ይህን ግን የሚያውቀው በአፉ ብቻ ነበር።

በዚያ በደርግ ጊዜ የሞተር ዘይት እንደ ልብ አይገኝም። ሌሎቹ ሾፌሮች ዘይቱ ሬንጅ እስኪመስል ይነዱበታል፤ መኪናው እምቢ ሲልም «መንግሥት ይጠግነው» ብለው ጋራዥ ይገትሩትና ጥላ ሥር ካርታ ይጫወታሉ። የአባቴ መኪና ግን ኪሎ ሜትሩ በሞላ ቁጥር ዘይቷ ይቀየራል። ከግምጃ ቤቱ ሲጠፋ ከአዲስ አበባ የሚመጡ የከባድ መኪና ሾፌሮችን ደጅ ይጠናል፣ ይለምናል፣ ዓሣ ጠብሶ ይጋብዛል፤ ብቻ ዘይቱንም ፊልትሮውንም ከየትም ብሎ ያመጣል። እኛ ቤት የምግብ ዘይት ጠፍቶ ሽሮ በውኃ ብቻ የተበላበት ጊዜ ብዙ ነው። የሞተር ዘይት የጠፋበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው የሚቀይረው፤ የመሥሪያ ቤቱን ጋራዥ ቆሻሻ ነው ብሎ ስለማያምነው እቤታችን ነው የሚያደርገው። መጀመሪያ ዘይቱ ሞቆ እንዲቀጥን አባይ ድልድይ ድረስ ነድቷት ይመለሳል። ከዚያ ግቢያችን ውስጥ ራሱ በቆፈራት ጉድጓድ ላይ ያቆማታል። ቱታውን ለብሶ ከሥሯ ይገባና ቡሎኑን ይፈታል። ዘይቱ ጣሳው ውስጥ ሲወርድ ማንም እንዲያናግረው አይፈልግም። የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወርድ እዚያው ተንጋሎ ይጠብቃል። እናቴ «እኔ ሁለቱን ስወልድ እንዲህ አልጠበቀኝም» ትል ነበር። ያን ጊዜ እሱም እኛም እንስቅ ነበር።

እንዲህ ስትያዝ የኖረች መኪና ድምፅዋ ከሌላው ይለያል። አትንኳኳም፣ አታጓራም፤ ልስልስ ያለ፣ እኩል የሆነ ድምፅ ነበራት። ወንድሜ ገና ድክ ድክ ሲል ጀምሮ ከመንገዱ መኪና ሁሉ ለይቶ «አባባ መጣ» እያለ ወደ በሩ ይሮጣል። ጢም ካወጣም በኋላ አልተወውም። እኔ ያን ጊዜ አስተማሪ ነበርሁ፤ ማታ ማታ የተማሪ ደብተር ላይ አቀርቅሬ ምንም ሳልሰማ እሱ ተነሥቶ በሩን ከፍቶ ቆሟል። ድምፅዋን ከሌላ መኪና ጋር አምታቶ አያውቅም።

የሚወርደው የተቃጠለ ዘይትም አይደፋም። ከከተማው ወጣ ብሎ ጣና ዳር ጀልባ የሚሠሩ አንድ ሙስሊም ሽማግሌ ነበሩ። የተቃጠለ ዘይት ጣውላው ውኃ እንዳይጠጣ የጀልባው ሆድ ይቀባበታል፣ የቤት ምሰሶም ምስጥ እንዳይበላው ይቀባበታል። አባቴ እሑድ እሑድ ጣሳውን ጭኖ ይወስድላቸዋል፣ እሳቸው ደግሞ ዓሣ ሰጥተው ይመልሱታል። የእነሱን ሥጋ እኛ አንበላ፣ የእኛን እነሱ አይበሉ። ዓሣ ግን ባርኮ የሚያርደው ስለሌለ ከአንድ ሰሃን እንበላለን። በዚህ ዓይነት ሳናስበው ዘመድ ሆንን።

ወንድሜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ቤት እንደተቀመጠ የብሔራዊ ውትድርናው ነገር ጠና። መጀመሪያ በጥሪ ነበር፤ ጥሪው አልበቃ ሲል አፈሳ ሆነ። ከኳስ ሜዳ፣ ከሻይ ቤት፣ ከሠርግ ቤት ሳይቀር ልጅ ይታፈሳል። ከሰፈራችን ሄዶ ሲመለስ ያየነው አልነበረም። እናቴን እህል አልወርድ አላት፣ በር በተንኳኳ ቁጥር ክው ትላለች። በመጨረሻ አባቴ አንድ እሑድ ከዘይቱ ጣሳ ጋር ወንድሜን ጭኖ ሐይቁ ዳር ወሰደው። እኔም አብሬ ሄድሁ። ሽማግሌው «ልጄም አይደል፣ እኔ ዘንድ ይሁን» አሉ፤ በዚያው አለቀ።

ወንድሜ እዚያ ቀን ቀን ጣውላ እየላገ፣ ጀልባዎቹ በሚሠሩበት ዳስ ውስጥ እያደረ ከረመ። እንደሱ የተደበቁ ሌሎች ልጆችም ነበሩ። መኪና ሲመጣ ሁሉም ሮጠው ውኃው ዳር ያለው ከሰው የሚረዝም ደንገል ውስጥ ይገባሉ። እዚያ ከገቡ ማንም አያገኛቸውም። አባቴ ያን ዕለት ልንመለስ ስንል ወንድሜን ትከሻውን ይዞ የነገረውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «የማንንም መኪና ስትሰማ ግባ። የእኔን ስትሰማ ብቻ ውጣ። ድምፅዋን ታውቀዋለህ» አለው። ወንድሜ ሳቀ። «እሱንማ ተኝቼም አውቀዋለሁ» አለ። ከዚያ በኋላ በየእሑዱ ስንሄድ መኪናዋ ገና ዛፎቹ ዘንድ ሳትደርስ እሱ መንገዱ ላይ ወጥቶ ይጠብቀን ነበር።

እንዲህ እየሆነ ሳለ የዘይት መቀየሪያው ጊዜ ደረሰ። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። መኪናዋ ጉድጓዱ ላይ ቆማለች፣ አሮጌው ዘይት ወርዶ አልቋል፣ አሮጌው ፊልትሮ ወልቋል፣ ሞተሩ ባዶ ነው። አባቴ እጁን በነጭ ጋዝ እየታጠበ ሳለ አንድ የሥራ ባልደረባው፣ እንደሱ ሾፌር የሆነ ሰው፣ እየተጣደፈ ገባ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰኞ መኪኖቻችን ለአፈሳ ይፈለጋሉ ተብሏል» አለ። «እኔ ባትሪዬን አውጥቼ ደብቄያለሁ። ሌላውም ጎማውን አተንፍሷል። አንተም አንድ ነገር አድርግ።» ከዚያ ከመኪናዋ ሥር ያለውን ጣሳ አየና ሳቁ መጣ። «አንተንስ እግዜር ይወድሃል። አውርደኸዋል እኮ። እንዲሁ ተዋት፣ የሚሞላ ዘይት አጣሁ በል። የት አለ ብሎ ማን ይከራከርሃል?»

እውነቱን ነው። ከግምጃ ቤቱ ዘይት ከጠፋ ከርሟል። አባቴ ከአንድ የከባድ መኪና ሾፌር ለምኖ ያመጣው ዘይት አልጋ ሥር መቀመጡን ከኛ በቀር የሚያውቅ የለም። ከእሱ የተፈለገው ጀግንነት አልነበረም። ሌሎቹ ባትሪ ማውጣት፣ ጎማ ማተንፈስ ነበረባቸው፤ ቢያዙ ይታሰራሉ። እሱ ግን የሚያጠፋው ነገር የለም። እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ይበቃው ነበር።

ሰውየው እንደወጣ እናቴ «ተመስገን» አለች። አባቴ ግን መኪናዋን ዞራት፣ ደግሞ ዞራት።

«ደረቅ ሞተር ትቼ አልተኛም» አለ።

«ምን ማለትህ ነው?» አለች እናቴ።

«ትርፍ ቁልፏ ኃላፊው ዘንድ ነው። ሰኞ መጥተው ዝም ብለው ቢያስነሧትስ? ዘይት ሳይኖራት ከተነሣች ሞተሩ ይነክሳል። ከከተማ እንኳ ሳትወጣ ትሞታለች።»

«ትሙታ።»

«ከዚያ አሻጥር ይሉኛል። የመንግሥት ንብረት ሆን ብሎ አጠፋ ብለው ያስሩኛል።»

«ዘይት የላትም ብለህ ንገራቸዋ። ዛሬውኑ ሄደህ ለኃላፊው ንገረው። ደግሞ ውሸት አይደል።»

«ቢሆንም» አለ።

ይህቺ «ቢሆንም» እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች። እኔም ገባሁበት፤ «አባባ፣ አንድ ሳምንት ብትቆም ምን ትሆናለች?» አልሁት። ያን ጊዜ ነው ምክንያት ያመጣው። «ሌላ ሾፌር ሰጥተው ቢወስዷትስ? እኔ ከነዳኋት መንገዱን የምመራው እኔ ነኝ። ወደ ሐይቁ እንዳይሄዱ አደርጋለሁ» አለ። ለሰማው ሰው ብልህነት ይመስላል። ለብዙ ዓመት እኔም በዚህ ራሴን ሳባብል ኖሬያለሁ። ግን ፊቱን አይቼዋለሁ። በዚያች ሰዓት የሚያስበው ስለ ወንድሜ አልነበረም፤ ያልታለበች ላም በረት ውስጥ እያገሳችበት እንቅልፍ እምቢ እንዳለው ሰው ነበር። ባዶው ሞተር ነው የጨነቀው፤ ወንድሜ ኋላ የመጣ ምክንያት ነው።

አልጋው ሥር ገብቶ ዘይቱን አወጣ። እናቴ በሩ መካከል ቆመች። አልገፋትም፤ «እባክሽ» ብሎ በጎኗ አለፈ። አዲሱን ፊልትሮ አጥብቆ፣ ዘይቱን አንዲት ጠብታ ሳያፈስ ሞላ፤ መለኪያውን መዝዞ በንጹሕ ጨርቅ ጠረገ፣ መልሶ ከተተ፣ ደግሞ መዝዞ አየ። ከዚያ አስነሣት። እናቴ ድምፅዋን እንደሰማች ወደ ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋችው።

ሰኞ ጠዋት የመሥሪያ ቤቱ መኪኖች ሁሉ በአንድ ሌሊት ታመው ተገኙ። አንዱ ባትሪ የለው፣ አንዱ ጎማ የለው፣ አንዱ ፍሬኑ ጠፍቶበታል። ደህና የተገኘችው የአባቴ መኪና ብቻ ናት። አፈሳውን የሚመራው ካድሬ ኮፈኗን አስከፍቶ፣ የዘይቱን ጥራት አይቶ፣ «እንዲህ ያለ ጓድ ነው የሚያስፈልገን» እያለ አባቴን ትከሻውን መታ መታ አደረገው አሉ። ይህን የነገረን ያ ባትሪውን የደበቀው ባልደረባው ነው። ማንም አላሰረው። ዛሬም በሕይወት አለ፤ ወንዶች ልጆቹም አሉለት።

መጀመሪያ የሄዱት ከተማው አጠገብ ወዳለችው መሸንቲ ነው። ወሬው ቀድሟቸው ስለነበር ያገኙት ጥቂት ልጅ ብቻ ነው። የመኪናዋ ጀርባ ሳይሞላ ቀረና ካድሬው ተናደደ። ከታፈሱት አንዱን ሁለት ጥፊ ሲያቀምሱት ልጆች ሐይቁ ዳር ጀልባ ሠሪዎቹ ዘንድ እንደሚደበቁ ተናገረ። «ዙር» አለው ካድሬው አባቴን። አባቴ «መንገዱ ጭቃ ነው፣ መኪና አያስገባም» አለ። ካድሬው ሳቀበት። «እንዲህ ያለች መኪና ይዘህ ጭቃ ትፈራለህ?» አለው። አንድ አብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን ይዞ ከጎኑ ተቀምጧል። ይህን የሰማነው ያን ዕለት ከኋላ ተጭነው ከነበሩት ልጆች አንዱ ኋላ እግሩን ቆስሎ ሲመለስ ነው። 

ፀሐይ ሳትጠልቅ እቤት መጣ። ድምፅዋን ሰማን፤ በር ሊከፍት የሚሮጥ ስለሌለ እኔ ተነሥቼ ከፈትሁ። ከመኪናዋ ወረደ። ጠዋት ማታ እንደሚያደርገው ኮፈኗን ከፍቶ የዘይት መለኪያውን መዘዘ። እናቴ ደጃፉ ላይ ወጣች።

«ልጄን አየኸው?» አለችው።

«አየሁት።»

«ደህና ነው?»

መለኪያውን በጨርቁ ጠረገ፣ አየው፣ መልሶ ከተተው። «ተወስዷል» አለ።

«በምን ወሰዱት?» አለች። ከዚያ መኪናዋን አየች፣ እሱን አየች፣ መልስም አልጠበቀችም።  ገመዱ ላይ የተሰጣውን ቱታውን አወረደችና ዘይት መቀየሪያው ጉድጓድ ውስጥ ጣለችው። ከዚያ ቀን በኋላ ያን ቱታ በእጇ ነክታ አታውቅም፤ እሱ ራሱ ነበር የሚያጥበው። በአንድ ቤት፣ በአንድ ገበታ እስኪሞት ድረስ ኖሩ። ምግቡን ታቀርብለታለች፣ ሲታመም ታስታምመዋለች። ስለዚያ ቀን ግን ሁለቱም ሆድ ይፍጀው ብለው ተቀመጡ።

ወንድሜ ከማሠልጠኛ ወደ ሰሜን ተላከ ተባለ። ሌላ ወሬ የለም። ደርግ ወድቆ የተበተነው ወታደር በየመንገዱ ቁራሽ እየለመነ ሲመለስ እናቴ ጠዋት ጠዋት መናኸሪያ እየሄደች የሚወርደውን ሁሉ ፊት ታይ ነበር። ማክሰኝት ላይ አንድ የሚመስለው ልጅ ታየ ብለው ነግረዋት እዚያ ድረስ ሄዳለች። የሌላ ሰው ልጅ ሆኖ ተገኘ። እንጀራ ገዝታ አብልታው ተመለሰች።

ወደኋላ ልመለስ። ወንድሜ ከተወሰደ በኋላ የሚቀጥለው የዘይት መቀየሪያ ጊዜ ሲደርስ «አሁንስ አይቀይርም» ብዬ ነበር። ቀየረ። እንደ ልማዱ አባይ ድልድይ ድረስ ሄዶ ተመለሰ፣ ጉድጓዱ ላይ አቆማት፣ ከሥሯ ገባ፣ ጠብታው እስኪያልቅ ጠበቀ። እሑድ ጣሳውን ጭኖ ሊነሣ ሲል እኔም ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥሁ። ለምን እንደሆነ ዛሬም በደንብ አላውቅም። ሽማግሌው ፊቱ ላይ ሲተፉበት ለማየት ይሆናል። 

ዛፎቹ ዘንድ ስንደርስ መንገድ ላይ ወጥቶ የጠበቀን የለም። ከሩቅ ደንገሉ ሲነቃነቅ አየሁ፤ የተረፉት ልጆች እየገቡ ነው። የአባቴን መኪና ድምፅ አሁን እነሱም ያውቁታል። አባቴም አየ፤ መሪውን ይዞ ፊት ለፊቱን ማየቱን ቀጠለ።

ሽማግሌው ብቻቸውን ቆመው ጠበቁን። አባቴ ከኋላ ጣሳውን ሲፈታ እኔን ወደ ጎን ወሰዱኝና፣ ሳልጠይቃቸው፣ ዕዳ እንደሚከፍል ሰው ነገሩኝ። «ወላሂ ልይዘው ነበር ልጄ» አሉ። «መኪና ሲሰማ ሁሉም ሮጡ። እሱ መላጊያውን አስቀምጦ ቆመና አዳመጠ። ‹አትፍሩ፣ የአባባ ናት› አላቸው። ‹ዛሬ ሰኞ ነው፣ አባትህ በሰኞ መጥቶ አያውቅም፣ ተው› አልሁት። ‹የእኔን ስትሰማ ውጣ ብሎኛል› አለኝ። ጡሩምባው ይጮኻል፣ ሳያቋርጥ ይጮኻል። ‹ቸኩሏል፣ አስቸኩሎ ቤት ሊወስደኝ ነው› አለ። ልብሱን በነጠላው ቋጠረና እየሳቀ ወጣ። እጄን ስሞ ነው የወጣ።»

አባቴ ጡሩምባውን ለምን እንዳስጮኸው ወዲያው ገባኝ። ግባ ማለቱ ነበር። ስለ ጡሩምባ ግን ከልጁ ጋር የተነጋገሩት ነገር አልነበረም፤ የተነጋገሩት ስለ ሞተሩ ድምፅ ነው።  ከአባቴ እጅ ጣሳውን ነጥቄ ከራሱ እስከ እግሩ ልደፋበት አማረኝ። እሱ ግን እንዳያነቅፈው መንገዱ ላይ ያለውን ጣውላ እየተሻገረ፣ እንዳይፈስ እየተጠነቀቀ፣ ጣሳውን አቅፎ መጣ።

ሽማግሌው አልተፉበትም። በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ወንድሜ» አሉት። አባቴ ለመሄድ ዞረና ደግሞ ቆመ። ሐይቁን እያየ ነው የተናገረ።

«ያን ዕለት ጠዋት» አለ፣ «እህል ቀምሶ ነበር?»

«በልቷል» አሉ ሽማግሌው። «ዓሣ ጠብሼለት፣ ጠግቦ በልቷል።»

«ተመስገን» አለ አባቴ።

ከዚያ በኋላ እስኪሞት ድረስ ስለ ልጁ አንድ ጥያቄ ሲጠይቅ አልሰማሁም። ሄዶ መሪው ላይ ተቀመጠ፣ እኔም አጠገቡ ገባሁ። እንባዬ እየወረደ ነው፣ እሱ ግን አላየኝም። ቁልፉን አዞረ። ምናለ ዛሬ እንኳን አልነሣም ብትል፣ ምናለ አንድ ጊዜ ብታንገራግር እያልሁ ስማጸን፣ መኪናዋ ተነሣች።